በገመዱ ላይ ያላሰርኩት ጨርቅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። በየጾሙ መግቢያ ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ በጾም ቀን የቀመስኳትን ወተት ሳይቀር ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። እሳቸው "ሌላስ?" ይላሉ። እኔ "ሌላ የለኝም አባቴ" እላለሁ። እንግዲህ ሌላው ይኸውልዎት። እርስዎን አላውቅዎትም፣ እርስዎም አያውቁኝም፤ ድፍረቱ የመጣልኝም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለምንዎት። እያነበቡ ሳለ ልብዎ ለእኔ መራራት ከጀመረ ያስቁሙት። እኔ ለራሴ ስራራ ኖሬአለሁ፤ ከበቂ በላይ ተራርቶልኛል።

ጤና መኮንን ነኝ። ሰው ሁሉ "ዶክተር" ይለኛል፣ እኔም አላርምም። አሁን የምኖረው ወልቂጤ ነው፤ ነገሩ የሆነው ግን ተወልጄ ባደግኩባት በቡታጅራ ነው። ያኔ እሠራበት የነበረውን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለምና።

ጋሽ ዘርጋ የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነበር። ሰው ሲሞት ማለዳ ጡሩምባውን ይነፋና የድምፅ ማጉያውን ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ማጉያው ባይኖርም ግድ አልነበረውም፤ ድምፁ ያለ ማጉያም ከገበያው እስከ ወንዙ ይደርስ ነበር። የሟቹን ስም ሲጠራ ያሳምረዋል። በሕይወቱ ማንም ያላከበረው ሰው እንኳ በጋሽ ዘርጋ አፍ ሲጠራ ባለ ማዕረግ ይመስላል። ሲጨርስ ሁልጊዜ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ይላል። ልጆች ሆነን እሱን እየመሰልን እንጫወት ነበር፤ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ዘርጋ ይሆናል፤ ዘርጋ ለመሆን እንጣላለን እንጂ ለመሞት ማንም አይጣላም። የአባቴን ሞት ከተማው የሰማው ከእሱ አፍ ነው። እናቴ በዚያን ቀን እንባዋን እየጠረገች "ዘርጋ፣ እኔንም እንዲህ ነው የምትጠራኝ፤ አደራ" ስትለው አጠገቧ ቆሜ ነበር። "አንቺን ጠርቼ እኔ እከተላለሁ፣ አስካለ" አላት። እናቴ በለቅሶዋ መሐል ሳቀች።

እንግዲህ ይህን ድምፅ ነው የገደልኩት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጎረቤታችን አባባ ተካ አረፉ። ከሰዓት በኋላ የእድሩን ድንኳን ልንተክል ተሰበሰብን። ሰፈራችን ጠባብ ስለሆነ ድንኳን የሚተከለው መንገዱ ላይ ነው፤ በፊት ለፊት በኩል ድንጋይና ቅርንጫፍ ይደረድሩና መንገዱን ይዘጉታል። በጓሮ በኩል ግን አንዲት ቀጭን ቅያስ አለች። ያቺን ማንም አይዘጋትም፣ ማንም ስለማያልፍባት። የድንኳኑ አንድ ጥግ በዚያ በኩል ነበር።

የእድሩ ንብረት ያዥ ናስር ይባላል። ድስቱንም አግዳሚውንም ድንኳኑንም እንደ ልጆቹ የሚቆጥር ሰው ነው፤ ማንኪያ ቢጎድል እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የማታ ተረኛ ስለነበርኩ ታጥቤ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ለይሉኝታ ያህል ነበር ብቅ ያልኩት።

"ዶክተር፣ ያቺን የጓሮ ጥግ አንተ ያዝልኝ" አለኝ ናስር። "ገመዷን ከመብራቱ እንጨት ጋር።"

ቅያሷን አሻግሬ ገመዱን ከእንጨቱ ጋር አሰርኩት። ጠበቅ አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ ሥራዬን አውቃለሁ። አዲስ የተገዛ ጥቁር የናይሎን ገመድ ነበር፣ ቀጭን። ናስር መጥቶ ሳበው፣ ወደደው። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ዘረጋልኝ።

"ይቺን እሰርባት። መንገድ ላይ ነች።"

"በዚህ በጓሮ ደግሞ ማን ያልፋል?"

"ማንም አይለፍ፣ አንተ እሰር። ገመድ አይታይም፣ ወላሂ፣ ሲመሽ ጭራሽ አይታይም።"

"እሺ" አልኩት። ጨርቁን ተቀበልኩ። እሱ ወደ ድስቶቹ ሄደ። እኔ ጨርቁን ኪሴ ከተትኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ረሳሁት ብልዎ ያምኑኝ ነበር፤ ለራሴም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ስነግረው ኖሬአለሁ። አልረሳሁትም። ጨርቁ የድስት ጥላሸትና ቅባት ነክቶት ነበር፤ ገመዱ ደግሞ በደረት ልክ ስለሆነ ለማሰር ተጠግቼ ሸሚዜን ከእንጨቱ ጋር ማሻሸት ነበረብኝ። በልቤም "ድስት ቆጣሪ ደግሞ እኔን ያዝዘኝ ጀመር?" አልኩ። በቃ ይኸው ነው። አንድ ሸሚዝና አንድ ኩራት። ከዚህ የከበደ ምክንያት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ጋዎኔን ከለበስኩ ብዙም ሳይቆይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሁለት የሰፈራችን ጎረምሶች ጋሽ ዘርጋን በባጃጅ ይዘውት መጡ። ወደ ቆሼ ከተማ ከሚወስደው መንገድ፣ ለሟቹ ዘመዶች ተናግሮ ሲመለስ ነው። በፊት ለፊት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ስለዚህ በጓሮዋ ቅያስ ገባ። ጎረምሶቹ ሞተሩ ሲወድቅ ድምፁን ሰምተው ሮጡ፤ ሲደርሱ እሱ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሞተሩ ቦዩ ውስጥ ነው።

"ከሞተር ወድቆ ነው፣ ዶክተር" አሉኝ።

ጉልበቱና ክርኑ ተልጦ ደሙ ሱሪውን አርሶታል። ሁሉም የሚያዩት ያንን ነበር። እኔ ግን አንገቱን አየሁት። ከአንዱ ጆሮ ሥር እስከ ሌላው የተሰመረች ቀጭን ቀይ መስመር ነበረች። ምን እንደሆነች ወዲያው አወቅሁ። ያሰርኩትን ቋጠሮ ጭምር አስታወስኩ።

ጣቴን አንገቱ ላይ አሳረፍኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ፤ ያወቅሁትን ካላወቁ ያደረግሁትን አያውቁትም። ወንድ ልጅ አንገቱ ላይ ጎላ ብላ ሲውጥ ከፍ ዝቅ የምትለዋ ማንቁርት ናት። ከአጥንት ለስለስ፣ ከሥጋ ጠንከር ባለ ነገር የተሠራች ናት፤ የጆሯችንን ጠርዝ ስናጥፈው የሚታጠፈው ዓይነት። የድምፅ አውታሮቻችን በእሷ ውስጥ ተወጥረው ይኖራሉ፤ ቤቷ ከተሰበረ እነሱም ይላላሉ። የጋሽ ዘርጋ ማንቁርት ጎላ ያለች ነበረች፤ ሲለፍፍ ስትዘል ከሩቅ ትታይ ነበር። ያን ምሽት ጣቴ ሲፈልጋት ቦታው ጠፍጣፋ ሆኖ ጠበቀው። ጫን ስለው ቆዳው ሥር ተንኮሻኮሸ፤ ደርቆ የከረመ የእንሰት ቅጠል ሲጨብጡት እንደሚለው። ይህ ማለት አየር ከስብራቱ ሾልኮ ከቆዳ ሥር ገብቷል ማለት ነው። አሳልኩት። ምራቁ ውስጥ ቀጭን የደም ክር ነበረች። "ጋሽ ዘርጋ፣ ምን ሆንክ?" አልኩት። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን "አንገቱን ገመድ ወይም ሽቦ የያዘው ሰው ከመጣላችሁ ደሙን አትዩ፣ ድምፁን ስሙ" ይሉን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በዚያው ምሽት ከፍ ወዳለ ሆስፒታል መላክ አለበት። ማንቁርቱ በመሣሪያ መታየት አለበት፣ ሲቲ ስካን መነሳት አለበት። ስብራቱ ትኩስ ሳለ ከተቃና ድምፁ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከቆየ እንደተጣመመ ይጠግጋል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ቆሎ ይቆረጥማል። በመስኮት ይታየኝ ነበር።

ጉሮሮውን ለማየት ባትሪዬን ፍለጋ እጄን ኪሴ ከተትኩ። የወጣው ጨርቁ ነው።

መልሼ ከተትኩት። ማን አይቶኝ ይሆን ብዬ ዞር አልኩ። አንድ ሰው ፊቴ ታንቆ ተቀምጦ እኔ የፈራሁት ጨርቅ እንዳይታይብኝ ነበር!

ያን ቀን ተረኛ የነበረችው ዶክተር መቅደስ ነበረች። ከሰሜን የመጣች፣ ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች ልጅ ናት፤ የሆስፒታሉን መላ ያሳየኋት እኔ ስለሆንኩ "ጋሼ" ትለኛለች፣ ታምነኛለች። የወሊድ ክፍል ውስጥ ደም የሚፈሳት እናት ይዛ ነበር፤ እየሮጠች ገባች።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

ጋሽ ዘርጋ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እጁን ወደ አንገቱ አነሳ፣ ወደ እኔ አየ። የሚናገርለት ሰው እኔ ነበርኩ። በዚያች ሰዓት የነበረው ድምፅ የእኔ ብቻ ነበር።

"ከሞተር ወድቆ ነው" አልኩ። "ጉልበቱና ክርኑ ተልጧል። ጭንቅላቱ ደህና ነው።"

"ድምፁስ?"

ምን አልኩ? ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት በአፌ ይዤ ዞርኩ። "የእድር ለፋፊ ነው" አልኳት። "ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ነው የዋለው። ሁሌም ቀብር ሲኖር ድምፁ እንዲህ ይዘጋል።"

ጎረምሶቹ ሳቁ። "እውነቱን ነው፣ ዛሬማ ሙቱንም ሕያውንም ሲጠራ ነው የዋለው" አለ አንዱ።

ይህን ልንገርዎት፣ በኋላ ያስፈልገናል። ያን ዕለት ጠዋት ጋሽ ዘርጋ አንዲት መንደር ላይ ተሳስቶ በሟቹ በአባባ ተካ ፈንታ የታናሽ ወንድማቸውን የአባባ ሳህሌን ስም ጠርቶ ነበር። አባባ ሳህሌ ደግሞ በዚያች መንደር ዘመድ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። "እስቲ ድገመው ዘርጋ፣ ደህና አልሰማሁም" አሉት። ወሬው እሱን ቀድሞ ከተማ ገባ። ቀኑን ሙሉ ያገኘው ሰው ሁሉ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" እያለ ሲያሾፍበት ዋለ።

መቅደስም ፈገግ አለች። ደግ ሳቅ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ግን ራሱን ነቀነቀ። አይደለም ማለቱ ነው። እንደገና አንገቱን ያዘ፣ ለመናገር ታገለ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁና "ጋሽ ዘርጋ፣ አትናገር። መናገር ይጎዳሃል" አልኩት።

ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ የተጎዳ ሰው መናገር የለበትም። በዚያ ምሽት የተናገርኩት ብቸኛ ትክክለኛ የሕክምና ቃል ይህ ነበር። እኔ ግን ለሕክምናው ብዬ አይደለም ያልኩት። ዝም እንዲል ነው ያልኩት። እሱም ታዘዘኝ። "ዶክተር" ነኝ አይደል?

"አንገቱን አይተኸዋል?" አለች መቅደስ፣ አንድ እግሯ በር ላይ ሆኖ።

"አይቼዋለሁ። ቆዳው ነው የተላጠው፣ ሌላ የለውም።"

ሄደች። እኔ አንገቱን በንጹሕ ፋሻ ጠቀለልኩለት። ቁስሉን አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ መስመሯን ሸፈንኳት። ትንፋሹ እንዳይዘጋ ሌሊቱን አጠገቡ ሆኜ ጠበቅሁት። ነርሷ "እንዴት ያለ ሰው ነህ፣ ጎረቤትህን እንዲህ ስትጠብቅ" አለችኝ። እኔ የጠበቅሁት ማንን ነበር?

ሲነጋ ወደ ሰፈር ሄጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያደሩት ሰዎች ገና ሳይነቁ፣ ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ ገመዱ ላይ አሰርኩት። ሸሚዜ ከእንጨቱ ጋር ተሻሸ። ምንም አልሆነም፤ ትንሽ አቧራ ነው፣ በእጄ አራገፍኩት።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ እድሩ ሲሰበሰብ አንድ ሽማግሌ "ምናልባት ያች የጓሮዋ ገመድ ትሆን እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ናስር ተነሳ። "ገመዷ ላይ ነጭ ጨርቅ ነበር፤ በጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ለዶክተር የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ያሰረው እሱ ነው" አለ። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ናስር ዋሽቶ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ውሸቴን በዚህ ሰው እውነት አስመሰከርኩበት። በዚህ ጉዳዩ ተዘጋ።

አሁን ወደ ከባዱ መጣሁ። እስካሁን ያልኩት ከባድ አልነበረም እንዴ? አዎ፣ ነበር። ግን አለ ገና።

ሳምንታት አለፉ፣ የጋሽ ዘርጋ ድምፅ አልተመለሰም። ትንፋሽ የተቀላቀለበት ሹክሹክታ ብቻ ነው የቀረው፤ ለመስማት ጆሮዎን አፉ ላይ ማድረግ አለብዎት። አንድ ቀን ቤቴ መጣና በዚያች ሹክሹክታ እንዲህ አለኝ፤ "ዶክተር፣ ሞተሩ አልጣለኝም። ስመጣ አንድ ነገር አንገቴን ያዘኝ። እጅ ነው። አልታየኝም፣ ግን እጅ ነው።"

ደነገጥኩ፣ አወቀ ብዬ።

"የእግዚአብሔር እጅ ነው" አለኝ። "በሕያው ሰው ላይ ሞት ጠርቼ አፌን ያዘኝ።"

እዚያው ላይ ልነግረው እችል ነበር። እጅስ እጅ ነው፣ ጋሽ ዘርጋ፤ የማን እጅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ ልለው እችል ነበር። ሚስቴ ውኃ ልታመጣ ወጥታ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ያልኩት "አይዞህ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው" ነው።

ጠበል ገባ፣ ጾመ። ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ይዞ አባባ ሳህሌ ደጅ ሄደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ "ተምረሃል፣ አንተ ተናገርልኝ" ብሎ ለምኖኝ። እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱ ላይ አስደግፎት፣ በዚያ አንገቱ ላይ፣ አጎንብሶ ቆመ። እኔ ስለ እሱ ሆኜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ቃላቱን አሳመርኩ፤ ጥሩ ተናጋሪ ነኝ። አባባ ሳህሌ አለቀሱ። "እንዴ ዘርጋ፣ ሳቅሁ እንጂ መቼ ተቀየምኩህ?" እያሉ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት። ሁሉም አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ አያምኑኝም ይሆናል።

እሱ በእኔ ኃጢአት ንስሐ ገባ። ጠበሉን የጠጣው፣ ጾሙን የጾመው፣ ድንጋዩን የተሸከመው ለእኔ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ አስተረጎምኩለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዶክተር መቅደስ በተመላላሽ ክፍል አግኝታው ድምፁን ሰምታ የደነገጠችው። በዚያው ቀን ሪፈር ጻፈች። አዲስ አበባ ማን ይውሰደው ሲባል እድሩ እኔን መረጠ። ሌላ ማን ይመረጣል? ስፔሻሊስቱ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው አሳልፎ ተመለከተ። ሥዕሉን በስክሪን እኔም አየሁት። አንዱ አውታር ይከፈታል ይዘጋል፤ ሌላው ተጣሞ ቆሟል፣ አይነቃነቅም። ስብራቱ እንደተጣመመ ጠግጓል።

"ይህ እኮ በመውደቅ ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም" አለ ሐኪሙ። "አንገቱን ቀጥ ያለ ነገር መትቶታል። ያየ ሰው አለ?"

ጋሽ ዘርጋ ወደ እኔ አየ። እንደ ልማዱ፣ እንድናገርለት።

"ማንም አላየም" አልኩ።

ሐኪሙ በደንብ አስረዳን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ማንቁርቱን ከፍተው፣ የተሰበረውን አቃንተው፣ በትንሽ ብረት ደግፈው ይመልሱት ነበር። አሁን ድምፁን ትንሽ የሚያጎላ ቀዶ ሕክምና ይቻላል፣ የድምፅ ልምምድም አለ፤ እንደ ድሮው ግን አይሆንም አለ። ጋሽ ዘርጋ በቢላዋ አልነካም አለ፤ "እግዚአብሔር የዘጋውን ሰው አይከፍተውም።" ልምምዱን ግን ተቀበለ። ሚስቱ እንደነገረችኝ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ፊት ቆሞ ያንጎራጉራል፤ ድሮ በሚለፍፍበት ሰዓት።

መቅደስ ውጤቱን ስትሰማ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። "አንገቱን አልነካሁትም ጋሼ" አለች። "አንድ ጣቴን ባሳርፍበት ኖሮ አውቀው ነበር። ገና ከበር ነው የተመለስኩት።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ምን አልኳት? "ሰው ነሽ፣ የምትወልድ እናት ይዘሽ ነበር" አልኳት። አጽናናኋት! እሷም አመሰገነችኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም ይምጣ፣ በእግር ሕመምም ይምጣ፣ መጀመሪያ አንገቱን ትዳስሳለች። ነርሶቹ ይቀልዱባታል። የእኔን ጥፋት በጣቶቿ ተሸክማ ትዞራለች፤ የት እንደተዛወረችም አሁን አላውቅም።

ብዙም ሳልቆይ ወደ ወልቂጤ ዝውውር ጠየቅሁ። ለእድገት ነው አልኩ። እናቴ ግን ቡታጅራን አልለቅም ብላ ቀረች። በስልክ ስንገናኝ አንዳንዴ ስለ ጋሽ ዘርጋ ትነግረኛለች፤ እድሩ ሌላ ወጣት ለፋፊ ቀጠረ፣ ዘርጋ ጡሩምባውን ብቻ ይነፋለታል። "ልጁ ደህና ነው፣ ግን ስም አጠራር አያውቅም" ትለኝ ነበር። "እኔን ማን ይጥራኝ እንግዲህ?" ትስቅ ነበር ስትል። እኔ ወሬ አስቀይር ነበር።

እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች።

ስልክ ተደውሎልኝ ከወልቂጤ በሚኒባስ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ናስር አርጅቷል፣ ግን አሁንም ድስት ይቆጥራል። የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ነበር መሰለዎት? የእናቴን አስከሬን ሳላይ ነጭ ጨርቅ ፈልጌ፣ ቀዳድጄ፣ መንገድ ላይ ባለውም በሌለውም ገመድ ሁሉ ላይ አሰርኩ። ናስር መጥቶ እጄን ያዘ። "ይበቃል ዶክተር፣ ለቅሶውን ሰርግ አስመሰልከው እኮ" አለኝ። ሐዘን ያናወጠኝ መስሎት ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ "ዘርጋ ያን ወጣት ለፋፊ አላስጠራውም። አስካለን የምጠራት እኔ ነኝ ብሎ ነው ከጨለማ ጀምሮ የዞረው። በእግሩ፣ በየበሩ።"

የሆነው እንዲህ ነው። ሞተሩን ከሸጠ ቆይቷል። በር ያንኳኳል፤ ሰው ሲወጣ እጁን ይዞ ወደ ራሱ ይስበዋል፣ አፉን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ የእናቴን ስም ከነማዕረጉ፣ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ይነግረዋል። ቀብሩ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግረዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር። ድሮ በሞተር ቶሎ የሚያዳርሰውን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ተጓዘው። በድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሴቶች "ሞቷን ጆሯችን ውስጥ አስገባልን" እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው እጁን እያስታጠበ ሲገባ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ከስቷል። አንገቱ ላይ ያች ቦታ አሁንም ጠፍጣፋ ናት። እጄን ያዘኝ፣ ወደ ራሱ ሳበኝ፣ አፉን ጆሮዬ ላይ አደረገ። የትንፋሹ ሙቀት ይሰማኝ ነበር።

"እናትህ አደራ ብላኝ ነበር" አለኝ። "በድምፄ ልጠራት። አንተም ቆመህ ሰምተሃል። አልቻልኩም። ሁለት ሦስት በር ረስቼም ይሆናል፤ ያልሰማ ሰው ይኖራል። ይቅር በለኝ ልጄ።"

ጆሮዬ አፉ ላይ ነበር። አፌም ለጆሮው ቅርብ ነበር። ማንም አይሰማንም ነበር። በሕይወቴ ለመናገር እንደዚያች ቅጽበት የተመቸ ጊዜ አልነበረም፣ አይኖርምም። ከንፈሬ ተከፈተ። አንዲት ቃል፣ "ገመዱ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ትበቃ ነበር።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ ጋሽ ዘርጋ" አልኩት።

ትከሻዬን ሳመኝ። ቀለል አለው፣ አየሁት።

ከእርስዎ ምሕረት አልጠይቅም። የእርስዎ አይደለማ። የሚጠየቀው ሰው በሕይወት አለ፤ ቡታጅራ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ፊት ቆሞ ያንጎራጉራል፣ እኔም መንገዱን አውቀዋለሁ። እስካሁን አልሄድኩም፤ ነገ እሄዳለሁ ብዬም አልዋሽዎትም። ቡታጅራ የሚሄድ ሰው ከሆኑ ግን፣ ወይም ሰው ካለዎት፣ እርስዎ ሰምተዋል። እሱ ድሮ ልፈፋውን ሲጨርስ ይላት የነበረችውን ልበልዎትና ላብቃ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!